የሚያጠግብና የሚመግብ መብል



ሰው በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን ያያል፤ ልብስ ሲገዛ ጨርቁን በጣቱ እያሸ ይመረምራል፤ ቤት ሲከራይ ጣራው እንዳያፈስ ይጠይቃል። ወደ ሰውነቱ የሚያገባውን መብል ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረምር ይቀበላል። የጣፈጠውን መልካም ነው ይላል፥ ሆዱም በሞላ ጊዜ ተመገብሁ ብሎ ይነሣል። ነገር ግን ሆድን መሙላትና ሰውነትን መመገብ አንድ ነገር አይደለም። ሆድ ሞልቶ ሥጋ የሚራብበት ጊዜ አለ፤ ደግሞም ጥቂት ተበልቶ ሰውነት የሚረካበት ጊዜ አለ። ይህ ትምህርት የሚያጠግበውን ብቻ ከሚመግበው ለይተን እንድናውቅ፥ ዐውቀንም እንድንመርጥ የተጻፈ ነው።

የተጻፈውም ይልቁንም በከተማ ለሚኖሩ፥ ተቀምጠው ለሚሠሩና ለሚማሩ፥ ሰውነታቸው ከልክ በላይ ለከበደባቸው፥ ወይም የደማቸው ስኳር ከፍ እንዳለ ሐኪም ለነገራቸው ሰዎች ነው። መብል ላጣ ድሀ ስለ መክሳት የሚሰብክ ሰው ርኅራኄ የሌለው ነው፤ እኛ የምንናገረው ተርፎት ለሚታመመው ነው። እርሱን በፍቅር ጎትተው ወደ ገበታ ለሚያቀርቡት ወዳጆቹም እንናገራለን።

1ኛ፤ በፍቅር ስለ ተጎዳ ሰው

አስቀድመን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ዕድሜው ወደ አምሳ የተጠጋ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል ሰው አለ እንበል። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እርሱን የሚመስል በየሰፈሩ ይገኛልና። ሐኪም መርምሮ የስኳር በሽታ እንዳለበት ነገረው። እርሱም ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተው፤ ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል ብሎ ፈርቶ ለሚስቱ እንኳ አልነገረም። በዚያው ሰሞን ጎረቤቱ የልጁን ክርስትና ደግሶ ጠራው። እንጀራው በሞሰብ ላይ ተደራርቧል፤ በወጡ ላይ ቅቤው ይንሳፈፋል፤ ጠጁም ለስላሳውም ቀርቧል። ሰውየው በልኩ በልቶ እጁን ሊሰበስብ ባለ ጊዜ እመቤቲቱ «አፈር ስሆን» አለችው፤ አማቷም «በሞቴ» አሉት፤ ሌላውም ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፉ አቀረበለት። እንቢ ቢል ቤቱን የናቀ እንዳይመስል ብሎ በላ፤ ጠጣም። እንዲህ ያለ ግብዣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ባልከፋም ነበር። ነገር ግን ዛሬ ክርስትና ነው፥ ነገ ሠርግ ነው፥ ከነገ ወዲያ ተዝካር ነው፤ በመካከሉም የየዕለቱ ቡና አለ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር እግሩን አቆሰለችው፤ እርሱ ግን እግሩ ደንዝዞ ነበርና አልተሰማውም። ባየውም ጊዜ ቁስሉ ወደ ውስጥ ዘልቆ ነበር፤ ሁለት ጣቶቹም ተቈረጡ።

አንባቢ ሆይ፥ አስተውል። በእነዚያ ቤቶች ሁሉ ይህን ሰው የጠላው አልነበረም። ሁሉም ወደዱት፤ የጎዱትም እየወደዱት ነው። እርሱም ራሱን የጎዳው በክፋት አይደለም፤ እውነትን ለመናገር በማፈሩ ነው። እንግዲህ ይህ ነገር ለሐኪም ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ የክርስቲያን ጠባይም ነገር ነው።

2ኛ፤ የደም ስኳር ምን እንደ ሆነ

ከምንበላው እህል ውስጥ ኃይል ሰጪው ክፍል፥ ሐኪሞች ካርቦሃይድሬት የሚሉት፥ በአንጀት ውስጥ ልሞ ስኳር ይሆናል። እንጀራ፥ ዳቦ፥ ድንችና ፓስታ በአፍ ባይጣፍጡም መጨረሻቸው ይኸው ነው። ስኳሩም በደም ተጭኖ ወደ ሰውነት ክፍሎች ሁሉ ይሄዳል። ይህ ክፉ ነገር አይደለም፤ አእምሮአችን የሚያስብበት፥ እጃችንም የሚሠራበት ኃይል ነውና። ነገር ግን ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋ ይገባ ዘንድ ደጁን የሚያስከፍትለት መልእክተኛ ያስፈልገዋል። ይህም መልእክተኛ ከጨጓራ በስተኋላ ያለው ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ነው።

በአንዳንዶች ላይ፥ ብዙ ጊዜም በልጆችና በወጣቶች ላይ፥ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ይተዋል፤ ይህ አንደኛው ዐይነት የስኳር በሽታ ይባላል። በብዙ ጐልማሶች ላይ ግን መልእክተኛው ይላካል፥ ደጁ ግን በቀላሉ አይከፈትለትም፤ ለዚህም በሆድ ዕቃና በጉበት የተከማቸ ስብ ትልቅ ምክንያት ነው። ቆሽትም መልእክተኛ አብዝቶ ሲልክ ኖሮ በመጨረሻ ይደክማል። ይህ ሁለተኛው ዐይነት ነው። ያን ጊዜ ስኳር በደም ውስጥ ይቀራል፤ ቀስ በቀስም ዐይንን፥ ኩላሊትን፥ ልብንና እግርን ይጎዳል።

ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣት፥ የማይረካ ጥም፥ ያለ ምክንያት መክሳት፥ የዐይን መደብዘዝ ምልክቶቹ ናቸው። ነገር ግን ብዙ ሰው ምንም ምልክት ሳያይ ዓመታት ያልፉበታል፤ ስለዚህ መመርመር ይገባል። ሰው ሌሊቱን ምንም ሳይበላ አድሮ በጠዋት ቢለካ፥ የደሙ ስኳር በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ቢሆን ደኅና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ቢሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላም ምርመራ ቢጸና የስኳር በሽታ ነው።

ይህን በሽታ የኃጢአት ቅጣት አድርጎ በወንድሙ ላይ የሚፈርድ አይኑር። በዘር የሚወርድበት ሰው አለ፤ ሳይወፍር የሚታመም ቀጭን ሰውም አለ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በጠየቁ ጊዜ ጌታችን የሰጣቸው መልስ፥ በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ የተጻፈው፥ ለዚህም ነገር ይበቃል።

3ኛ፤ እኩል ደመወዝ፥ እኩል ያልሆነ ሥራ

ሐኪሞች መብል የሚሰጠውን ኃይል በካሎሪ ይለካሉ። ሰው በየቀኑ ከሚሠራበት በላይ ካሎሪ ቢበላ ትርፉ ስብ ሆኖ ይከማቻል። እንግዲህ ካሎሪን እንደ ደመወዝ አስብ። አንድ ጌታ ሁለት ሠራተኞች ቀጥሮ እኩል ይከፍላቸዋል እንበል፤ አንዱ ሲቆፍርና ሲያጥር ይውላል፥ ሁለተኛው ደመወዙን ተቀብሎ ይተኛል። አስተዋይ ጌታ ማንኛውን ያስቀራል?

300 ሚሊሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ብዙ ጊዜ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለበት፤ ይህም ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ነው። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ነውና፥ ጠርሙሱ ወደ 120 ካሎሪ ያህል ያስከፍልሃል። በምላሹ ምን ይሠራልሃል? ሥጋን የሚገነባ ፕሮቲን የለበትም፤ ቪታሚን የለበትም፤ ፋይበር የሚባለው የአትክልትና የእህል ቃጫ የለበትም። ረኃብህን አያስታግስልህም፤ ስኳሩም ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል።

ይህንም 100 ግራም ያህል ከሆነ የተቀቀለ ምስር ጋር አስተያየው። የምስሩም ደመወዝ ወደ 120 ካሎሪ የቀረበ ነው። ነገር ግን ወደ 9 ግራም ፕሮቲንና ወደ 8 ግራም ፋይበር ይሰጥሃል፤ ደም የሚሠራበትን ብረትም ይጨምርልሃል። ፕሮቲኑ ሥጋህን ይጠግናል፤ ቃጫው በአንጀት ውስጥ ሆኖ የስኳሩን አገባብ ያዘገያል፤ ሁለቱም ተባብረው ቶሎ እንዳይርብህ ያደርጋሉ። የሚመግብ መብል የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ይኸውም በጥቂት ካሎሪ ብዙ ጥቅም የሚሰጥ ነው።

ክብደት መቀነስ የሚፈልገውና የደም ስኳር የሚያስቸግረው ሰው ሁለት የተለያዩ መንገዶች የሚያስፈልጓቸው ይመስላቸዋል። ነገር ግን መጀመሪያው መንገድ አንድ ነው፤ ተቀብሎ የሚተኛውን ማሰናበት፥ የሚሠራውንም ማስቀረት ነው።

4ኛ፤ በቤታችን ያለው በረከት

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ምክር ሲሰማ ከውጭ አገር የሚመጣ ውድ መብል የሚታዘዝ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም፤ የሚያስፈልገን አብዛኛው በገበያችን አለ።

ምስር፥ አተር፥ ባቄላና ሽምብራ ከሁሉ አስቀድመው ይቆጠራሉ። የጾም ወጥ ተብለው እንደ ድሀ መብል ይታያሉ፤ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ግን ከብዙ የግብዣ መብል ይበልጣሉ። ጓያ ግን ከእነዚህ ጋር አይቆጠር፤ ለብዙ ጊዜ ዋና መብል ሆኖ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ ነገር አለበትና።

ጎመን፥ ቆስጣ፥ ጥቅል ጎመን፥ ቲማቲም፥ ቃሪያና ሰላጣ ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ የሚቀበሉ ናቸው። 100 ግራም የተቀቀለ ጎመን ዘይት ሳይገባበት ከ40 ካሎሪ አያልፍም፤ ከእነዚህ ሰው እስኪጠግብ ቢበላ አይጎዳም።

እንቁላል፥ ዓሣ፥ ስቡ የተነሣለት ሥጋና አይብ ፕሮቲን የሞላባቸው ናቸው። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ ጥቂት ነው።

ጤፍ ብረት፥ ካልሲየምና ፋይበር ያለው የተከበረ እህል ነው። ገብስም የስኳርን አገባብ የሚያዘገይ ለስላሳ ቃጫ አለው። ስለዚህ ከነጭ ዳቦና ከማካሮኒ ይልቅ የጤፍ እንጀራ፥ የገብስ ቂንጬ፥ ያልተጣራ የስንዴ ዳቦ ይሻላሉ። ነገር ግን ማንም አይሳሳት፤ የጤፍ እንጀራም ሲበዛ በደም ውስጥ ብዙ ስኳር ይሆናል። ጤፉ በሩዝ ዱቄት ከተቀላቀለ ደግሞ ቃጫው እየቀነሰ ይሄዳል። ቆጮና ቡላም ኃይል የሚሰጡ ናቸው እንጂ ፕሮቲናቸው እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በልክ ሆነው ከጎመንና ከአይብ ጋር ይበሉ።

ቅቤና ዘይት ክፉዎች አይደሉም፤ ግን ደመወዛቸው ከሁሉ ይበልጣል። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም ወደ 120 ካሎሪ ይደርሳል። መልካሙ ምስር በዘይት ተጥለቅልቆ ሲቀርብ መልካምነቱ ይሸፈናል። እኅቴ ሆይ፥ ዘይትን ከጠርሙሱ አታንቆርቁሪ፤ በማንኪያ ለክተሽ ጨምሪ እንጂ።

ማር የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ለደም ማርም ስኳር ነው። ብርዝና ጠጅ ተፈጥሮአዊ ናቸው ተብሎ በሽተኛ አይታለል። መጽሐፈ ምሳሌም በ25ኛው ምዕራፍ ማር ያገኘ ሰው በልክ እንዲበላ ይመክራል። ብርቱካንና ማንጎም በሙሉነታቸው በልክ ቢበሉ ይሻላል እንጂ ተጨምቀው አይጠጡ፤ በጭማቂ ጊዜ ቃጫው ይቀራል፥ የሦስትና የአራት ፍሬ ስኳርም በአንድ ብርጭቆ ይጠጣል።

ስለ ቡናም አንድ ነገር እንናገር። አቦል፥ ቶና፥ በረካ ብለን ሦስት ሲኒ ስንጠጣ በእያንዳንዱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብንጨምር ስድስት ማንኪያ፥ ማለት ወደ 24 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ባወጣው መመሪያ፥ በመብልና በመጠጥ የሚጨመር ስኳር፥ የማርና የጭማቂ ስኳርም ጭምር፥ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፥ ከ5 በመቶ ቢያንስም የተሻለ እንደ ሆነ መክሯል። ይህም 5 በመቶ ለአንድ ጐልማሳ ወደ 25 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ አንድ የቡና ሥርዐት ብቻውን የቀኑን ልክ ይፈጽማል። ቡናው ይጠጣ፥ ጨዋታውም ይቀጥል፤ ስኳሩ ግን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ይቀነስ። ምላስም እንደ ልጅ ናት፤ ቀስ ብለው ያለመዷትን ትለምዳለች።

5ኛ፤ በአንድ ገበታ ላይ ልክን ስለ ማወቅ

በሌሎች አገሮች ሰው ሁሉ የየራሱ ሳሕን ስላለው የሐኪሙ ምክር ቀላል ነው። የሳሕኑን ግማሽ በአትክልት፥ ሩቡን እንደ ጥራጥሬና እንደ ሥጋ ባለ ፕሮቲን፥ ሩቡንም በእህል ሙላ ይሉታል። እኛ ግን ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ እንጀራው ከወጡ በታች ተነጥፏል፥ ከጎንም ተጨምሯል፤ ማን ምን ያህል እንደ በላ አይታወቅም። ይህ አበላል የአንድነት ምልክት ነውና መተው አይገባም፤ ሰው ግን ልኩን ሳያፈርስበት ሊበላ ይችላል።

መጀመሪያ፥ ገበታ ሲቀርብ የሚበቃህን እንጀራ፥ ግማሽ ቢሆን ግማሽ፥ ለይተህ በፊትህ አድርግ፤ እርሱ ሲያልቅ ሌላ አትጨምር። ሁለተኛ፥ ከጎመኑና ከሰላጣው ጀምር፥ ቀጥለህም ምስሩን ወይም ሥጋውን ብላ፥ እንጀራውን ከኋላ አድርገው። አትክልትና ፕሮቲን አስቀድመው ሲገቡ የደም ስኳር አወጣጥ ዝግ ይላል። ሦስተኛ፥ ብዙ ወጥ በጥቂት እንጀራ ጠቅልል እንጂ ብዙ እንጀራ በጥቂት ወጥ አትጠቅልል። አራተኛ፥ በመብል ጊዜ ውኃ ጠጣ። አምስተኛ፥ ከመብል በኋላ ወዲያው አትተኛ፤ ለጥቂት ደቂቃ ተመላለስ፤ የሚሠራ ጡንቻ ከደም ስኳርን ይወስዳልና።

የአንድ ቀን መብል እንዲህ ሊሆን ይችላል። በጠዋት እንቁላል ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር፥ ወይም ቅቤ ያልበዛበት የገብስ ቂንጬ፥ ከስኳር አልባ ቡና ጋር፤ በቀትር ምስር፥ ጎመንና ሰላጣ በጥቂት እንጀራ፤ ማታም ዘይት ያልበዛበት ሽሮ ከጥቅል ጎመንና ከካሮት ጋር፥ ወይም ዓሣ። በመካከሉ ቢርብህ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ይበቃሃል። ይህ መብል የባለጸጋ መብል አይደለም፤ የተማሪም ኪስ ይችለዋል።

6ኛ፤ ጥቂት መቀነስ ብዙ እንደሚጠቅም

ብዙ ሰው በአንድ ወር ሌላ ሰው ሊሆን ይፈልጋልና ይደክማል። በአሜሪካ አገር ከ3,200 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት አንድ ትልቅ ጥናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ታትሟል። ሰዎቹ ሰውነታቸው የከበደ፥ የደማቸው ስኳርም ከፍ ያለ፥ ነገር ግን ገና በበሽታው ያልተያዙ ነበሩ። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ የተመከሩትና የተረዱት ክፍሎች፥ ይህን ካላደረጉት ጋር ሲተያዩ በበሽታው መያዛቸው በ58 በመቶ አነሰ። መድኃኒት ብቻ የተሰጣቸውም በ31 በመቶ አነሰላቸው። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ የማይሞላ ነው፤ 150 ደቂቃም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት መራመድ ነው። ከሰው ኃይል በላይ የሆነ ነገር አይደለም።

በእኛ አገር ግን ሌላ ፈተና አለ። ሰው ሲወፍር ደላው ይባላል፤ ሲከሳ ግን ያገኘው ሁሉ «ምነው ከሳህ? ምን ነካህ?» ይለዋል። በጤና መንገድ የጀመረው ሰው በዚህ ቃል ይሸማቀቅና ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ወዳጅ ሆይ፥ አስበህ ተናገር፤ ምናልባት ያ ሰው በብዙ ትግል ያገኘውን ጤና በአንድ ቃልህ ታስጥለዋለህ። በእርግጥ ሳይፈልግ የሚከሳ ሰው ቢኖር ወደ ሐኪም እንዲሄድ ምከረው።

7ኛ፤ ስለ መድኃኒትና ስለ ጾም ማስጠንቀቂያ

መልካም መብል የሐኪም ረዳት ነው እንጂ የሐኪም ጠላት አይደለም። ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ሰዎች በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ኢንሱሊንን ሳያገኙ በፊት፥ አንደኛው ዐይነት የስኳር በሽታ የያዘው ልጅ ለመኖር ተስፋ አልነበረውም። ይህን መድኃኒት ጸልያለሁና ወይም ቅጠል ጠጥቻለሁና አያስፈልገኝም ብሎ የሚጥል ሰው እምነቱን አላሳየም፤ የተሰጠውን ጸጋ ናቀ እንጂ። ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም።

ደግሞም ኢንሱሊን የሚወጋ፥ ወይም የደም ስኳርን የሚያወርድ ኪኒን የሚውጥ ሰው መብሉን በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፥ መንቀጥቀጥ፥ ብርቱ ረኃብ፥ የአሳብ መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። ያን ጊዜ አራት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣት፥ ከ15 ደቂቃም በኋላ እንደገና መለካት ይገባል፤ በዚህ ሰዓት ስኳር መድኃኒት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥ፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ስለዚህ የመብልን ሥርዐት ከመለወጥህ በፊት ሐኪምህን ጠይቅ። የኩላሊት ሕመም ያለባትና የፀነሰች ሴትም እንዲሁ ታድርግ።

የሚጾም በሽተኛም ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይማከር። የጾሙ መብል ጥራጥሬና ጎመን ስለ ሆነ ለዚህ ሕመም የተስማማ ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው ቀኑን ሙሉ ያልበላ ሰው በማታ የሁለት ቀን እንጀራና ጣፋጭ በአንድ ጊዜ ሲበላ ነው፥ ወይም መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ወስዶ ሳይበላ ሲውል ነው።

8ኛ፤ ስለ እንግዳና ስለ ጋባዥ ጠባይ

ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ። ያ ሰው በምን ይድን ነበር? ከእውቀት ጋር ድፍረትም ያስፈልገው ነበር።

ዳንኤል በባቢሎን በንጉሥ ቤት ሳለ የንጉሡ መብል ቀረበለት። እርሱም አልተሳደበም፥ አላኰረፈምም፥ በስውርም አልጣለም። የተሾመበትን አለቃ በትሕትና ለመነ፤ ጥራጥሬና ውኃ ለዐሥር ቀን እንዲሰጠው፥ ከዚያም በኋላ ፊቱ እንዲታይ ጠየቀ። በዐሥሩም ቀን መጨረሻ የእርሱና የባልንጀሮቹ መልክ ከሌሎቹ ተሽሎ ተገኘ። የዳንኤል ምክንያት እንደ እኛ ሕመም አልነበረም፤ ስለ ሕገ እግዚአብሔር ነበር። ነገር ግን እንዴት እንቢ እንደሚባል ያስተምረናል፤ በግልጥ፥ በትሕትና፥ አስቀድሞም።

እንግዳ ሆይ፥ አንተም እንዲሁ አድርግ። ከግብዣው ቀን በፊት ለጋባዥህ ንገረው፤ «የስኳር ሕመም አለብኝ፤ ስለ ፍቅርህ እመጣለሁ፥ ከጎመኑና ከምስሩ በልቼ እደሰታለሁ» በለው። ሕመምን መናገር ውርደት አይደለም። ለሚስትህ የደበቅኸውን ነገር እግርህ ይገልጠዋል።

ጋባዥ ሆይ፥ ለአንተም ቃል አለን። እንግዳ መቀበል የአባቶቻችን ጌጥ ነው፤ ይህን ጌጥ አንጥለውም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው በ14ኛው ምዕራፍ፥ ክርስቶስ የሞተለትን ወንድም በመብል ምክንያት መጉዳት ፍቅር እንዳይደለ አጥብቆ ያስተምራል። ያ ነገር የተጻፈው ስለ ኅሊና ነው፤ ስለ ሥጋም ያገለግላል። «በሞቴ» ብለህ ስታስገድደው፥ በቃልህ የተጠራው የአንተ ሞት ነው፤ የሚቀርበው ግን የእርሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማስገደድ በፊት «ምን ይስማማሃል?» ብለህ ጠይቅ። በገበታህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዘይቱ የቀነሰ ምስር፥ አንድ ሳሕን ጎመን፥ አንድ ማሰሮ ንጹሕ ውኃ አይጥፋ። እንግዳህ አንድ ጊዜ በቃኝ ካለ አምነህ ተወው። ከሁሉ የሚበልጠው ጉርሻ ይህ ነው።

እስራኤልም በምድረ በዳ መናን ሲሰበስቡ እያንዳንዱ ለራሱ የሚበቃውን እንዲወስድ ታዘዙ፤ ከልክ አልፎ የተቀመጠው ተበላሸ። መብል ከእግዚአብሔር እጅ ነው፥ ልክም ከእርሱ ነው። ሰውነታችንም የእኛ ብቻ አይደለም፤ ለእግዚአብሔር የተለየ፥ ሚስትና ልጆች የሚጠጉበት፥ ባልንጀራ የሚረዳበት ቤት ነው። እንግዲህ ቤቱን በምን እንደምንጠብቀው እንመርምር። ከነገ ጀምረህ እንደ ዳንኤል ለዐሥር ቀን ሞክር፤ የሚተኛውን አሰናብት፥ የሚሠራውን አስቀር፤ በዐሥረኛውም ቀን ራስህን መርምር። እግዚአብሔር የሚመግበውን የምንለይበት ጥበብ፥ በቃኝ የምንልበት ኃይል፥ ወንድማችን በቃኝ ሲል የምንሰማበት ፍቅር ይስጠን። አሜን።

ለማሰብ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሚያጠግብና በሚመግብ መብል መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? ትናንት ከበላኸው ከሁለቱም ምሳሌ ስጥ።

2. አንድ ጠርሙስ ለስላሳና 100 ግራም የተቀቀለ ምስር በካሎሪ ሲቀራረቡ በምን ይለያያሉ?

3. በቤትህ በአንድ ቀን በቡናና በሻይ የሚገባው ስኳር ስንት ማንኪያ ነው? ቁጠረውና ጻፈው።

4. ዳንኤል እንቢ ያለበት መንገድ ከጸሐፊው መንገድ በምን ይለያል?

5. በሚመጣው በዓል እንግዳ ብትጠራ፥ ሕመሙን ለደበቀ ሰው ሳታሳፍረው ምን ታዘጋጅለታለህ?